ቮልስ 1300፦ ሲሞቅ ጉልበት ያጣል፣ ካጠፉት አይነሳም

ጠያቂ፦ በፈረንጅ 1968 የተሠራ ቮልስ ነው፤ 1300 ሞተር፣ 12 ቮልት። ጠዋት ደህና ይነሳል። ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጣ ግን ጉልበቱ ይወርዳል፣ ቤንዚን ይሸታል፣ ሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጡት የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር) አይይዝም። ካጠፋሁት ሳይቀዘቅዝ አይነሳም። አራቱም ካንዴላ (እሳት የሚሰጠው) ጥላሸት ለብሷል። ካርቡራቶር ቀይር ተብያለሁ።

ካቻቢቴ፦ ገንዘብህን ያዝ። መጀመሪያ የቫልቮላዎቹን (ሲሊንደሩን የሚከፍቱና የሚዘጉትን) ክፍተት ለካ፣ ያውም ሞተሩ ካደረ በኋላ። መግቢያውም መውጫውም 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። 13 ቁልፍ፣ ካቻቢቴና ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ይበቃሃል። የዲስትሪቢዩተሩ (እሳት አከፋፋዩ) ሮተር፣ ማለትም ውስጡ የሚዞረው፣ የዲስትሪቢዩተሩ ጠርዝ ላይ ወዳለችው ጭረት፣ የፑሊው ምልክትም ወደ ሞተሩ መጋጠሚያ መስመር ሲመጣ 1 ቁጥር ሲሊንደርን አስተካክል። ከዚያ ፑሊውን ከሰዓት በተቃራኒ ግማሽ ግማሽ ዙር እያዞርክ 2፣ 3፣ 4። ከኋላ ቆመህ ስታይ 1 እና 2 በቀኝ፣ 3 እና 4 በግራ ናቸው። መውጫ ቫልቮላ ክፍተት ካጣ ሲሞቅ አይዘጋም፤ ኮምፕሬሽኑ ያመልጣል።

ሰይቼንቶ፦ ቤንዚኑ ፖምፓው ላይ ተንኖ ይሆናላ። እርጥብ ጨርቅ ይጣልበት።

የኋላ ሞተር፦ ያ ቢሆን ቤንዚን ያጥረዋል እንጂ ካንዴላ አይጠቁርም። ጥላሸቱ ቾክ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየር የምታጠበው የካርቡራቶር ክዳን) ነው የሚለው። የካርቡራቶሩን አየር ማጣሪያ አንሳና ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ክፈት፤ የቾኩ ክዳን በጥቂት ደቂቃ ቀጥ ብላ መቆም አለባት። ካልቆመች ከቦቢናው (የካንዴላውን እሳት ከሚያመነጨው) 15 ቁጥር ጫፍ የሚመጣውን ሽቦ ፈትሽ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ስለሚያንስ የአየርና የቤንዚኑ ድብልቅ ያለዚያም ቤንዚን ይበዛበታል። ቾኩ ከተስተካከለም በኋላ ከጠቆረ ዋናውን ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አንድ ደረጃ አሳንስ። ከዚያ በታች አትውረድ፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ቤንዚን ሲያጥረው ይቃጠላል።

ጠያቂ፦ የቾኩ ሽቦ ወልቆ ተገኘ። 3 ቁጥር መውጫ ቫልቮላ ግን 0.05 እንኳ አላስገባም።

ካቻቢቴ፦ 3 ቁጥር ልማዱ ነው፤ በዚያ ዘመን ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ይጋርድበታል። 0.15 ላይ አድርገህ የቫልቮላውን ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ቀይር። 500 ኪሎ ሜትር ሂድና እንደገና ለካ። ደግሞ ከጠበበ ቫልቮላው እየተሳበ ነውና ሳትነዳው ቴስታታውን (ቫልቮላዎቹ ያሉበትን የሞተር ክፍል) አውርድ። የቫልቮላው ጭንቅላት ተቆርጦ ከወደቀ ፒስቶኑን ይበሳዋል።