ለወይራ ቦንሳይ የሚሆን ሽቦ፦ ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ?

ጠያቂ፣ ከሆጤ፦ ግንዱ የአውራ ጣት ውፍረት የደረሰ የወይራ ችግኝ አለኝ። ቅርንጫፎቹን በሽቦ ጠምዝዤ ቦንሳይ (በሳህን ውስጥ አጥሮ ቅርጽ ይዞ የሚያድግ ዛፍ) ላደርገው አስቤያለሁ። ለፌሮ ማሰሪያ የሚሸጠው ጥቁር ሽቦ፣ መዳብና አሉሚኒየም ሲነጻጸሩ የትኛው ይሻላል? ጎድጓዳነቱ አነስተኛ የሆነ የሸክላ ሳህንስ ከየት አገኛለሁ?

ከፒያሳ፦ አስቀድመው ከሻጮች ይጠንቀቁ። አምና ለሳሎን ይሆናል ተብሎ የተሸጠልኝ ጥድ፣ ሽቦው ቅርፊቱን ሰርስሮ ገብቶበት ነበር። ሳምንታት አረንጓዴ መስሎ ከቆየ በኋላ ደረቀ፤ ሻጩም ውሃ አብዝተሽበት ነው ብሎ አሰናበተኝ።

ከኮምቦልቻ፦ እኅቴ፣ ጥድ ቤት ውስጥ አይኖርም፤ ይህን ሳይነግሩ መሸጥ በደል ነው። ቅጠሉ ያለቀ አሮጌ የጥድ ቅርንጫፍ ዳግመኛ ስለማያቆጠቁጥም እንደ ወይራ በድፍረት አይገረዝም።

ከቦርከና ዳር፦ እኔ ዘወትር የምገዛው ከሠፈራችን ችግኝ አፍይ ነው። ደሴ ድረስ መውጣት አያስፈልግም፤ የእሳቸውን ያህል ዛፍ የሚያውቅ ሰው አላየሁም።

ከሮቢት፦ የተጠየቀው የሽቦና የሳህን ጉዳይ ነው፤ እስካሁን ግን ስለ ሁለቱም አንድ ቃል የጻፈ የለም።

ከቧንቧ ውሃ ሠፈር፦ ጥቁሩ ሽቦ ይዝጋል፣ ግትርም ስለሆነ ቅርፊት ይጎዳል። አሉሚኒየም ለስላሳና ለጀማሪ የሚመች ነው። እሱ ከጠፋ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ባለ አንድ ዘንግ የመዳብ ገመድ ገዝተው ፕላስቲኩን ይላጡ፤ መዳቡን እስኪቀላ አግለው ሲያቀዘቅዙት ይለሰልሳል። የሽቦው ውፍረት የቅርንጫፉን ሲሶ ያህል ይሁን፤ በ45 ዲግሪ ሰያፍ እየጠመጠሙ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቀስ አድርገው ያጉብጡ። በክረምት ዛፉ ቶሎ ስለሚወፍር በየሳምንቱ ይመልከቱት፤ መቆንጠጥ ከጀመረ ሽቦውን ሳይፈቱ በመቁረጫ እየቆራረጡ ያውጡ፣ መልሶ መፍታት ቅርንጫፍ ይሰብራልና። ሳህኑን በተመለከተ፣ ከገበያ ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ሄደው ከመተኮሱ በፊት ከሥሩ እንዲበሱልዎ ይዘዙ።

ከቦርከና ዳር፦ ሽቦውንም ቢሆን እኚያው ሰው አያጡትም ብዬ አምናለሁ።

ከፒያሳ፦ ሽቦ ጠምዝዘው የሚሸጡትን ግን አሁንም አትመኑ።

ጠያቂ፣ ከሆጤ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሥሩን ገርዤ ወደ ሳህን ባዛውረው፣ በዚያው ዕለት ሽቦውንም መጠምጠም እችላለሁ?

ከቧንቧ ውሃ ሠፈር፦ አይሆንም። ሥሩ ከተነካ በኋላ አዲስ ቅጠል አውጥቶ እስኪጠነክር ድረስ ቅርንጫፎቹን አይንኩ። ደግሞም ዛፍ ፈልገው ወደ ጦሳ እንዳይወጡ አደራ እላለሁ፤ ተራራው ላይ የቀረው ወይራ ባለበት ይደግ።