ሶፍትዌሩ «እጅግ ተስማሚ» ያለኝ ቦታ ላይ ቦረቦር አገኘሁ

ደሴ_ተመራቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ለደሴ የደረቅ ቆሻሻ መድፊያ ቦታ በጂአይኤስ (በኮምፒውተር የካርታ ሶፍትዌር) እየመረጥኩ ነው። ተዳፋቱን ከኤስአርቲኤም (ከጠፈር ከተለካው የመሬት ከፍታ ዳታ) 30 ሜትር፣ አፈሩን ከ1 ኪሎ ሜትሩ የዓለም አፈር ካርታ፣ ጂኦሎጂውን ከ1፡250,000 ካርታ ወሰድኩ። ሁሉንም ወደ 30 ሜትር ፒክስል (የካርታው ትንሿ አራት ማዕዘን) ሪሳምፕል አድርጌ፣ ማለትም የፒክስላቸውን መጠን አመሳስዬ፣ የየቦታውን ነጥብ ደመርኩ። 12 ሄክታር የሚሆን ቦታ «እጅግ ተስማሚ» ብሎ አወጣልኝ። ቅዳሜ ደስ ብሎኝ ሄጄ ሳየው መሀሉን 15 ሜትር የሚሰፋ ቦረቦር ሰንጥቆታል! አንዱ ጠርዙ ደግሞ ካርታው ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ጽሑፌን ፈታኞች ፊት የማቀርብበት ዲፌንስ ሦስት ሳምንት ቀረው። እህታችሁ ጨንቋታል።

የጦሳ_ልጅ፦ አብሽሪ! የአሎስ ፓልሳርን (የጃፓን ራዳር ሳተላይት) 12.5 ሜትር የከፍታ ዳታ አውርጂ፣ በነጻ ነው። ያኔ ቦረቦሩ ይታያል።

ካርታ_ቤት፦ ወንድሜ፣ ይሄ ብዙዎቻችንን የሸወደ ነገር ነው። ከአሎስ ምስል ጋር የሚመጣው 12.5 ሜትር የከፍታ ዳታ ለእኛ አገር ያው ኤስአርቲኤም ነው። ወደ ትንንሽ ፒክስል ተቆራርሶ ነው እንጂ አልተሻሻለም። ኤስአርቲኤም ራሱ የተለካው በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የተቦረቦረውን አያውቀውም።

እህቴ፣ ተዳፋት የሚሰላው ከ3 በ3 ፒክስል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁጥር 90 ሜትር በ90 ሜትር ያለውን መሬት ያለሳልሳል። የጦሳን ተራራ አይስትም፤ 15 ሜትር ቦረቦርን ግን ይውጠዋል።

የባሰው አፈሩ ነው። የ1 ኪሎ ሜትር ፒክስል 100 ሄክታር ነው፤ ያንቺ ቦታ 12። ሙሉ ቦታሽ በአንድ ቁጥር ተሸፍኗል ማለት ነው። ሪሳምፕል ስታደርጊ ያንኑ ቁጥር ከሺህ በላይ ቦታ ከፋፈልሽው እንጂ አዲስ መረጃ አልጨመርሽም። ያ ቀጥ ያለ ጠርዝ የአፈር ፒክስሉ ድንበር ሳይሆን አይቀርም። የአፈሩን ሌየር (ካርታ) አውጥተሽ እንደገና ደምሪ። ጠርዙ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ።

ደሴ_ተመራቂ፦ ታዲያ ሥራዬ ሁሉ ገደል ገባ?

ካርታ_ቤት፦ ኧረ በፍጹም። እንዲህ ያለ ዳታ የማይሆነውን ለመጣል ጎበዝ ነው። ከቀሩት መሀል «ይሄኛው» ብሎ መጠቆም ነው የማይችለው። አንድ ቦታ መረጥኩ አትበይ፤ ሦስት አራት እጩ አቅርቢ። የየሌየሩን የመጀመሪያ ጥራት (ከሪሳምፕል በፊት የነበረውን የፒክስል መጠን ወይም የካርታ ስኬል) በሰንጠረዥ ጻፊ። ፈታኞች የሚያፋጥጡት የደበቀ ሰው ነው።

ኮምቦልቻ_ሰርቬየር፦ አንድ ነገር ልጨምር። የቆየ ማስተር ፕላን ወይም የወረቀት ካርታ ተጠቅመሽ ከሆነ አዲንዳን በሚባለው የድሮ የካርታ መጋጠሚያ ሥርዓት ላይ ሊሆን ይችላል። ጂፒኤስ በሚጠቀምበት በደብሊውጂኤስ 84 ነው ብለሽ ከጫንሽው ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። እኔን አንዴ ጉድ ሠርቶኛል፤ ወንዙ መንደር ውስጥ ገብቶ አገኘሁት።

ለእጩዎቹ በእጅ ጂፒኤስ ዙሪያቸውን ዙሪ። አፈሩን ቆፍረሽ እዪ። ዋልካ ከሆነ ውሃ አያሳልፍም ብለሽ አትመኚ፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ገበሬዎቹንም ክረምት ላይ ውሃው በየት እንደሚወርድ ጠይቂ። እነሱ ከሳተላይቱ በፊት ያውቁታል።

ደሴ_ተመራቂ፦ አፈሩን አወጣሁት። ጠርዙ ጠፋ! ቦረቦር ያለው ቦታ ሦስተኛ ሆነ፤ ሁለት አዳዲስ ከላይ መጡ። ቅዳሜ ልወጣ ነው። ቁጥር 38 ቦት ጫማ ያላት ታውሰኝ።