ክርክር፦ የዓለም ምርጥ ፈረስ በሰው ሰራሽ ሜዳ ላይ ይለይ?

ዳማ፦
ጥያቄው ይኸው። ትልልቆቹ የፈረስ እሽቅድምድሞች፣ የአሜሪካው ብሪደርስ ካፕና ዱባይ ወርልድ ካፕ፣ ከአፈር ወደ ሰው ሰራሽ ሜዳ ይመለሱ ወይስ ባሉበት ይቆዩ? "ይመለሱ" ያልኩት ሁለቱም ሞክረው ስለተውት ነው። ብሪደርስ ካፕ በ2008 እና በ2009 ካሊፎርኒያ ሳንታ አኒታ ላይ ፕሮ ራይድ በሚባል ሰው ሰራሽ ሜዳ ተካሄደ። ዱባይ ከ2010 እስከ 2014 ታፔታ በሚባል ሌላ ሰው ሰራሽ ሜዳ ላይ አስሮጠች፣ በ2015 ወደ አፈር ተመለሰች። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትጣሉኝ።)

ሰው ሰራሽ ሲባል ምንጣፍ እንዳይመስላችሁ። አሸዋ፣ ክርና የተፈጨ ላስቲክ ተደባልቆ በሰም የተለወሰ ነገር ነው። ዝናብ ሲመጣ ውሃው ወደ ታች ይሰርጋል እንጂ ጭቃ አይሆንም።

እኔ ይመለሱ ባይ ነኝ። ፈረስ አይሙት፣ በቃ። የአሜሪካ ጆኪ ክለብ የሚይዘው የጉዳት መዝገብ እንደሚለው በ2022 ከ1000 ተሳትፎ ውስጥ (አንድ ፈረስ አንድ ጊዜ ሲሮጥ አንድ ተሳትፎ ነው) በአፈር 1.44፣ በሰው ሰራሽ 0.41 ፈረስ ሞቷል። ከሦስት እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

ጉራቻ፦
ዳማ፣ የሚያምረውን ቁጥር ብቻ መዘህ አታምጣ። በ2023 የሰው ሰራሹ 0.97 ደርሷል። በእሱ ላይ የሚሮጠው ፈረስ ከአፈሩ በጣም ስለሚያንስ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል።

ደግሞ ፈረስ የሚሰበረው በረገጠው መሬት ብቻ አይደለም። የሞቱት ሲመረመሩ ብዙዎቹ አጥንታቸው ላይ ቀድሞ የጀመረ ስንጥቅ ይገኛል። እያነከሰ እንኳ በመድኃኒት ደግፈው የሚያስገቡት አሰልጣኝስ? እሱን ትተህ አፈሩን ትከሳለህ። ሰው ሰራሹን የሞከሩ አሰልጣኞችም የኋላ እግር ጅማት ይጎዳብናል ብለው አማርረዋል።

ዳማ፦
0.97ም ቢሆን ከአፈሩ ያንሳል፣ ወንድሜ።

አምባላይ፦
እኔ ዱባይ ነው የምኖረው፣ ወርልድ ካፕ የሚሮጥበት ሜይዳን ሄጄ አይቻለሁ። በቴሌቪዥን የማይታይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአፈር ውድድር ጋላቢዎቹ መነጽር በመነጽር ላይ ደራርበው ነው የሚገቡት። ከፊት ያለው ፈረስ የሚረጨው አፈር አንዱን ሲሸፍነው ወደ አንገታቸው ያወርዱትና በሚቀጥለው ያያሉ። ከኋላ የነበረው ፈረስ ሲመለስ ደረቱም ግንባሩም አፈር ለብሶ፣ ዓይኑን እያርገበገበ ነው። ስለዚህ በአፈር ውድድር ቀድሞ ከፊት መውጣት ግማሽ ድል ነው። ፈጣኑን ፈረስ ነው የምንሸልመው ወይስ አፈር ያልተረጨበትን?

ዱባይ ለምን እንደተወችው ግን ሁላችንም እናውቃለን። አሜሪካኖቹ ፈረሶቻቸውን ማምጣት ቀነሱ። በታፔታ አምስት ዓመት ውስጥ ዋንጫውን የወሰደ የአሜሪካ ፈረስ አንድ ብቻ ነው፣ የ2013ቱ አኒማል ኪንግደም። አፈሩ በተመለሰ በዓመቱ፣ በ2016፣ ካሊፎርኒያ ክሮም አሸነፈ። በ2017 ደግሞ አሮጌት። ለእንግዳ ተብሎ ቤት ተቀየረ ማለት ነው።

መጋላ፦
አምባላይ ጫፉን ይዛዋለች። ክርክሩ ስለ እግር ይመስላል እንጂ ስለ ገንዘብ ነው።

ከሥር እንጀምር። ካሊፎርኒያ በ2006 ትልልቅ ሜዳዎቿ በሙሉ ሰው ሰራሽ እንዲያነጥፉ አዘዘች። ሳንታ አኒታ መጀመሪያ ያነጠፈው ውሃ አላሳልፍ ብሎ በ2008 መጀመሪያ የውድድር ቀናት ተሰረዙ። አስቡት፣ "ዝናብ አይበግረውም" ተብሎ የተገዛ ሜዳ በዝናብ ተዘጋ! ከዚያ ከአውስትራሊያ የመጣውን ፕሮ ራይድ አስገቡ። በ2010 መጨረሻ እሱንም ገፈው አፈር መለሱ። ሌሎቹ ሜዳዎችም፣ ኪንላንድ በ2014፣ ዴል ማር በ2015 ተከተሉ።

በመሃል ምን ሆነ? የብሪደርስ ካፕ ዋናው ውድድር ክላሲክ ይባላል፣ እዚያ ላይ ከርሊን የሚባል ፈረስ ነበር። በ2007 ይህንኑ ውድድር በጭቃ አሸንፏል፣ በ2008 መጋቢት ላይ ዱባይ ወርልድ ካፕን ወስዷል። የዓለም ቁንጮ ነው። በዚያው ዓመት ሳንታ አኒታ ላይ አራተኛ ወጣ። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ሬቨንስ ፓስና ሄንሪ ዘ ናቪጌተር ከአውሮፓ የመጡ፣ ሣር ላይ ያደጉ ፈረሶች ናቸው። የከርሊን ባለቤት ጄስ ጃክሰን በ2009 ሌላዋን ኮከቡን ሬቸል አሌክሳንድራን "ፕላስቲክ" ላይ አላስሮጥም ብሎ ቀረ። ዜንያታ የምትባል ባዝራ ከኋላ ተነስታ ክላሲክን ስትወስድ ሬቸል አልነበረችም። የዓመቱ ምርጥ ፈረስ ተብላ የተመረጠችው ግን ሬቸል ናት። ሁለቱ በአንድ ሜዳ ላይ ሳይገናኙ ቀሩ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ትልቁ ገንዘብ ያለው በሩጫው ሽልማት ሳይሆን ከሩጫ በኋላ ነው። አፈር ላይ ያሸነፈ ወንድ ፈረስ የፈረስ ርቢ ማዕከል የሆነችው ኬንታኪ ገብቶ ባዝራ ለማስጠቃት ዋጋ ይቆረጥለታል። ገዢው የሚፈልገው የአሜሪካን ዝነኛ ውድድር ኬንታኪ ደርቢን የሚያሸንፍ ውርንጭላ ነው፣ ደርቢው ደግሞ በአፈር ነው። ታዲያ የፈረስ ባለቤት የሆነ ሰው በሰው ሰራሽ ሜዳ ስሙን ለምን አደጋ ላይ ይጥላል?

ጉራቻ፦
መጋላ፣ ይሄ እኮ የእኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው። በሣር ያደገው በሰው ሰራሽ ላይ ያሸንፋል፣ የአፈር ንጉሥ አራተኛ ይወጣል። ሌላ ስፖርት ነው ማለት ነው። ዜንያታም በ2010 የኬንታኪ ደርቢ ሜዳ ወደሆነው ቸርችል ዳውንስ አፈር ላይ ስትመጣ ብሌም በሚባል ፈረስ ተሸነፈች።

መጋላ፦
በአንድ ጭንቅላት ልዩነት ብቻ! ከ20 ውድድር 19 ያሸነፈች ፈረስ ናት። ኦክላውን በሚባል ሜዳ በአፈር ሁለቴ ማሸነፏን ደግሞ ዘለልከው። "ሌላ ስፖርት" ከሆነ አኒማል ኪንግደም በ2011 ተርፍዌይ ፓርክ በሚባል ሰው ሰራሽ ሜዳ አሸንፎ፣ ከዚያ አፈር ላይ ደርቢውን እንዴት ወሰደ? በ2022 ማንም ያልጠበቀው፣ በውርርድ 80 ለ 1 የተሰጠው ሪች ስትራይክስ? እሱም ለደርቢው የመጣው ከዚያው ሜዳ ሦስተኛ ወጥቶ ነው።

አምባላይ፦
እንግሊዝም ሰው ሰራሽ ሜዳ አላት። በ2019 ደንካስተር በውሃ ሲጥለቀለቅ ፊውቸሪቲ ትሮፊ የሚባለው ውድድር ወደ ኒውካስል ታፔታ ተዛወረ። ካሜኮ የሚባል ፈረስ አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ያው ካሜኮ ኒውማርኬት ሣር ላይ 2000 ጊኒስ የሚባለውን ትልቅ ውድድር ወሰደ። ማንም "የፕላስቲክ ፈረስ" አላለውም።

ጉራቻ፦
እሺ፣ ሣርና ሰው ሰራሽ ይቀራረባሉ፣ ተስማማሁ። ግን እንግሊዞች ትልቁን ውድድራቸውን የኤፕሰም ደርቢን ከሣር ሲያነሱ አየሽ? እነሱም በሰው ሰራሹ የሚያስሮጡት የክረምቱንና የአዘቦቱን ነው። አሜሪካኖች ለምን ከነሱ ቀድመው ትልቁን ውድድራቸውን ከአፈር ያንሱ?

ዳማ፦
ምክንያቱም በእንግሊዝ የሚነሳው ሣር ነው፣ በአሜሪካ የሚነሳው አፈር። በመዝገቡ ሣርም ከአፈር ያነሰ ይገድላል። ሳንታ አኒታ በ2019፣ ወደ አፈር ከተመለሰ በኋላ፣ ዝናብ በበረታበት አንድ የውድድር ወቅት ወደ 30 ፈረስ ሞተበት። በ2023 ደርቢው ሰሞን ቸርችል ዳውንስ 12 ሞተው ውድድሩ ወደ ሌላ ሜዳ ተዛወረ።

ጉራቻ፦
የቸርችልን ሲመረምሩ ሜዳው ላይ ይህ ነው የሚባል ጥፋት አላገኙም።

ዳማ፦
ችግሩም እሱ ነዋ! ጥፋት የሌለበት አፈር ነው 1.44 የሚገድለው።

መጋላ፦
እኔ መሃል ላይ ነኝ። ኬንታኪ ደርቢን ማንም አይነካውም፣ ከ1875 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ብሪደርስ ካፕ ግን ቦታ ይቀያይራል፣ ውድድሮቹም ብዙ ናቸው። ሁለት ሦስቱን በሰው ሰራሽ ማድረግ ምን ይከብዳል? ኒውዮርክ ቤልሞንት ፓርክን አፍርሳ ስትሠራ ከአፈሩና ከሣሩ ጋር ሰው ሰራሽ ሜዳም አስገብታለች። ሦስቱም በአንድ ግቢ አሉ። ባለቤቶቹ ግን የቼኩን መጠን ሳያዩ የሚመጡ አይመስለኝም።

ጉራቻ፦
በዚህስ ተስማማን። ሽልማቱን አሳዩኝና ፈረሴን እጭናለሁ ይሉሃል።

ዳማ፦
መጀመሪያ ፈረስ ይኑርህ።