የእህቴ ልጅ ካይፈንግ ልትማር ነው፤ ከተማውን የምታውቁ ንገሩኝ

ከስልቨር ስፕሪንግ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ስኮላርሺፕ አግኝታ ቻይና ውስጥ ካይፈንግ የሚባል ከተማ ልትሄድ ነው። ቤጂንግና ሻንጋይን እንሰማለን፤ ጓንግዡንም ነጋዴዎቻችን አስለምደውናል። ይሄኛውን ግን ከቤታችን የሚያውቅ የለም። ልጅቷ ደስ ብሏት ሻንጣ እየገዛች ነው፣ እናቷ ደግሞ ከተማው ስንት ጊዜ በጎርፍ እንደጠፋ ኢንተርኔት ላይ አንብባ እንቅልፍ አጥታለች። ወንዙ ከከተማው በላይ ነው የሚፈሰው የሚባለው እውነት ነው? ደግሞስ ከተማ ነው ወይስ ገጠር? እዚያ የኖራችሁ ካላችሁ ሳትደብቁ ንገሩኝ።

ከካይፈንግ፦

እትዬ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ እዚሁ ነው የምማረው። አዎ፣ ወንዙ ከከተማው ከፍ ብሎ ነው የሚሄደው። ግን ለእናቷ ይሄን ብቻ ቆርጠው እንዳይልኩባት፣ ቀሪውንም ያንብቡላት። ትንሽ ይረዝማል፣ ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።

ቢጫ ወንዝ ከከተማው በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከምዕራብ ነው የሚመጣው፤ አፈሩ እንደ ዱቄት የላመ ደጋ አለ፣ እሱን እየጋጠ ይወርዳል። ተራራ ለተራራ ሲመጣ ውሃውም ይሮጣል፣ ደለሉም አብሮት ይሮጣል። ሜዳው ላይ ሲደርስ ግን ጉልበቱ ይከዳውና የተሸከመውን ያራግፋል። ወለሉ ከፍ ይላል። ሰው ደግሞ እንዳይፈስበት ከግራና ከቀኝ የአፈር ክትር ይሠራል። ወንዙ መሄጃ ስለሌለው ደለሉን እዚያው ክትሩ መሃል ይከምራል፣ ሰውም እንደገና ክትሩን ያሳድጋል። ይሄ ስንት መቶ ዓመት ተደጋግሞ ሊዩዩዋንኮው የሚባለው ቦታ ላይ የወንዙ ወለል ከከተማው መሬት እስከ 10 ሜትር ይበልጣል።

እዚያ ሲሄዱ ግራ ይገባል። ወደ ወንዝ እየሄድኩ ነው ብሎ ቁልቁለት የሚጠብቅ ሰው ዳገት ነው የሚገጥመው። ክትሩ ላይ ሲወጡ በአንድ በኩል ውሃው አጠገብዎ ነው፣ በሌላ በኩል የገበሬዎቹ ጣሪያ ከእግርዎ በታች ነው። ክትሩ ላይ በየተወሰነ ርቀት ድንጋይ እንደ ግንብ በአራት ማዕዘን ተከምሮ ያያሉ፤ በቀለምም ተጽፎበታል። ለጌጥ አይደለም። ክትሩ የሳሳ ዕለት ወዲያው የሚጣል መጠባበቂያ ነው። እኔን ያረጋጋኝ እሱ ነው፤ ረስተውት አልተኙም ማለት ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ። እናቷ ያነበበችው ውሸት አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ225 የቺን መንግሥት ጦር ከተማዋን በጉልበት መያዝ ቢያቅተው ውሃ ለቀቀባት። ያኔ ዳሊያንግ ነበር ስሟ፣ የዌይ መንግሥት ዋና ከተማ። በ1642 ደግሞ ሊ ዚቸንግ የሚባለው የሽፍቶች አለቃ ከቦ ሲያስርባት ክትሩ ተሰበረ። ከ370,000 ከሚበልጠው ነዋሪ አብዛኛው በረሃብና በውሃ አለቀ። በ1841 ውሃው ለወራት ከተማዋን ከቧት ቆየ፣ ሰዉ የቤቱን ጡብ እየነቀለ የግንቡን ቀዳዳ ይደፍን ነበር። በኦፒየም ጦርነት ስሙ የሚነሳው ሊን ዘሹ እንኳ ወደ ግዞት እየተላከ ሳለ መንገድ ላይ ተጠርቶ ክትሩን በማስጠገን ሠርቷል። ዛሬ የሚታየው የከተማ ግንብ ከዚያ ጎርፍ በኋላ እንደገና የተሠራው ነው፤ ዙሪያው 14.4 ኪሎ ሜትር ነው።

ልብ ይበሉ፣ ብዙ ጊዜ ወንዙ ብቻውን አልመጣም። ሰው ነው የከፈተው። በ1128 ያኔ አገሩን ይገዛ የነበረው የሶንግ ሥርወ መንግሥት ባለሥልጣን፣ ከሰሜን የመጡትን የጁርቸን ሕዝቦች ጦር ላግድ ብሎ ክትሩን ሰበረ፣ ወንዙም ወደ ደቡብ ዞሮ ከ700 ዓመት በላይ በዚያው ቀረ። ወደ ሰሜን የተመለሰው በ1855 ነው። በ1938 ደግሞ የቺያንግ ካይ ሼክ ጦር ጃፓንን ላቁም ብሎ ዜንግዡ አጠገብ ሁዋዩዋንኮው ላይ አፈረሰው፤ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ገበሬ አለቀ። ጃፓኖቹ ግን ካይፈንግን ቀድመው ይዘው ነበር።

ታዲያ ሰው ለምን እዚህ ቦታ ላይ ሙጭጭ ይላል? እኔም ጠይቄአለሁ። መልሱ ያው ውሃው ነው። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፣ ተራራ የለው፣ ገደል የለው፣ ለመከላከል የማይመች ቦታ። ግን ከደቡብ ሩዝ የጫነ ጀልባ ሁሉ በቢያን ቦይ መጥቶ የሚራገፈው እዚህ ነበር። የሶንግ ሥርወ መንግሥት በ960 ሲመሠረት መንግሥት ያለ ሩዝ፣ ሩዝም ያለ ጀልባ አይሆንም ብለው ዋና ከተማ አደረጉት። የመጀመሪያው ንጉሥ በኋላ ወደ ሉዎያንግ ልሂድ ብሎ ነበር፣ ተራራ ይጠብቀኛል ብሎ፤ ወንድሙና ሹማምንቱ እምቢ አሉት። የፈራውም አልቀረም። በ1127 ጁርቸኖች ከሰሜን መጥተው ሁለት ነገሥታት፣ አባትና ልጅ፣ ማርከው ወሰዱ። እስከዚያ ግን ካይፈንግ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት፣ ሌሊት የሚከፈት ገበያ፣ ምግብ ቤት በምግብ ቤት ላይ። ለንደንና ፓሪስ በዚያን ጊዜ መንደር ነበሩ ማለት ይቻላል።

ያች ከተማ የት ሄደች ካሉኝ፣ የትም አልሄደች። ከእግራችን ስር ናት። ጎርፍ በመጣ ቁጥር ደለል ይቀብራታል፣ ሰውም በላዩ ላይ ደግሞ ይሠራል፣ ያውም ዋናውን መንገድ እዚያው ቦታ ላይ። የሶንግ ከተማ 8 ሜትር ያህል ወደ ታች ነው። ከሶንግ በኋላ የመጣው የሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ከተማ ከእሱ በላይ፣ ከሚንግ ቀጥሎ የመጣው የቺንግ ደግሞ ከዚያ በላይ። በ1981 የፓን ሐይቅን ሲያጸዱ የሚንግ መስፍን ግቢ ወጣ፣ ከስሩ ደግሞ የሶንግ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ተገኘ። በቅርቡም በመሃል ከተማ ዡቻዎ የሚባለው ድልድይ አጠገብ ቆፍረው በሶንግ ዘመን የወንዙን ዳር ያለበሰውን የድንጋይ ግድግዳ አወጡ፤ ቁመቱ 3 ሜትር ከምናምን፣ በላዩ የባሕር ፈረስና ሽመላ ተቀርጾበታል። እኔ ፎቶውን ሳይ አላመንኩም። ሰው በየቀኑ ስኩተር እየነዳ በላዩ ያልፍ ነበር።

ስለዚህ ልጅቷ ስትመጣ አንድ ምክር አለኝ። «የሶንግ መንገድ»፣ «የሶንግ መናፈሻ» የሚሉት ቀይና ወርቃማ ነገር አብዛኛው አዲስ ሥራ ነው፣ ቱሪስት ይወደዋል፣ ይሁን። የእውነቱን ማየት ከፈለገች የብረቱ ፓጎዳ ትሂድ። ስሙ ብረት ይባል እንጂ ጡብ ነው፣ ጡቡ የዛገ ብረት በሚመስል መስታወታማ ቀለም ተለብጧል። በ1049 ተሠርቶ 55 ሜትር ቁመት ይዞ ይኸው ቆሟል። ጠጋ ብላ ጡቡን ትይ፤ በየአንዳንዱ ላይ የሚጨፍር ሰው፣ ዘንዶ፣ አበባ አለ። መሠረቱ ግን በደለል ተቀብሯል። ዩኒቨርሲቲውም አጥሩን ተጠግቶ ነው ያለው።

ጎርፉን በተመለከተ፦ ከሉዎያንግ በላይ ሽያዎላንግዲ የሚባል ትልቅ ግድብ አለ፣ በ2001 አልቋል። በዓመት አንዴ ውሃ በኃይል እየለቀቁ ደለሉን ወደ ባሕር ይገፋሉ። እናቷ ትተኛ።

ከዜንግዡ፦

ጎረቤትህ ነኝ፣ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ስለ ጎርፍ ካወራን እኛ ዜንግዡ ላይ የደረሰብን የወንዝ ጎርፍ አልነበረም፣ ዝናብ ነው። ሐምሌ 2021 በአንድ ሰዓት ውስጥ 201.9 ሚሊ ሜትር ዘነበ። ሜትሮ ባቡር ውስጥ ውሃ ገብቶ ሰው ሞቷል። ሜዳ ስለሆነ ውሃው የሚሄድበት የለውም። ስለዚህ ለልጅቷ ንገሯት፤ ከባድ ዝናብ ማስጠንቀቂያ ስልኳ ላይ ከመጣ ከመሬት በታች እንዳትገባ፣ ክፍል አለኝ ብላም እንዳትወጣ።

ሁለተኛ፣ ገጠር ነው ወይ ላሉት፣ ከተማ ነው፣ ግን ያረጀ ከተማ። እስከ 1954 የሄናን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ እሱ ነበር። ከቤጂንግ ወደ ጓንግዡ የሚሄደውና ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠው ሁለቱ የባቡር ሐዲዶች የሚገናኙት ግን እኛ ጋ ነው፣ ስለዚህ መንግሥት ወደ እኛ ዞረ። ፋብሪካውም ሥራውም አብሮ መጣ። ካይፈንግ ተኝታ ቀረች፣ የቤት ኪራዩም አብሮ ተኛ፤ ለተማሪ ጥሩ ነው። መሃላችን 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ በባቡር ቡና ጠጥተህ ሳትጨርስ ትደርሳለህ። በኖቬምበር 2024 የኛ ተማሪዎች በሌሊት በኪራይ ብስክሌት ካይፈንግ ሄደን ቁርስ እንብላ ብለው በአስር ሺዎች መንገዱን ሞልተውት በዓለም ዜና ወጥተዋል። ባለ መረቁን ዱምፕሊንግ (በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ) ፍለጋ እኮ ነው! ብስክሌቱ ሁሉ ካይፈንግ ተጥሎ ቀረና ፖሊስ መንገዱን ዘጋ።

ከኔታንያ፦

ከርዕሱ ልውጣ፣ ይቅርታ። ካይፈንግ ሲባል እኛ ጋ የሚታወቀው በአይሁዶቹ ነው። ከዚያ የመጡ ጥቂት ወጣቶች እዚህ እስራኤል አሉ፣ በ2016ም አምስት ሴት ልጆች መጥተዋል። ከአባት በኩል ስለሆነ የሚቆጥሩት ግዩር፣ ማለትም ወደ አይሁድ እምነት የመግባት ሥርዓት፣ አድርጉ ተባሉ። የቤተ እስራኤል ሰው ይሄን ሲሰማ ዝም አይልም፤ በ1985 አይሁድነታችንን አትጠራጠሩ ብለን ኢየሩሳሌም መንገድ ላይ ስንት ሳምንት ተቀምጠናል። እውነት እዚያ አሁንም ምኩራብ አለ?

ከካይፈንግ፦

ምኩራቡ የለም፣ ወንድሜ። በ1163 ተሠርቶ፣ ጎርፍ እየጣለው እነሱም እያነሱት እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ቆየ፣ ከዚያ ማኅበረሰቡ ደኸየና ሕንፃውም ፈረሰ። አሁን ቦታው ላይ ሆስፒታል አለ። በ1642ቱ ጎርፍ የኦሪት ጥቅልሎቻቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ከጭቃ ለቅመው አወጧቸው፣ የተበላሹትንም እያገጣጠሙ ገለበጡ፣ በ1663 ምኩራቡን መልሰው ሠሩ።

አንድ ታሪክ አላቸው፣ እሱን ልንገርህ። በ1605 አይ ቲያን የሚባል የካይፈንግ አይሁድ ሹመት ፍለጋ ቤጂንግ ሄደ። አንድ አምላክ የሚያመልኩ ፈረንጆች መጥተዋል ሲባል የኛ ሰዎች ናቸው ብሎ ኢየሱሳዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ማቴዎ ሪቺ ቤት ገባ። ማርያም ሕፃኑን ይዛ ከትንሹ ዮሐንስ ጋር ያለችበት ሥዕል ተሰቅሏል። እሱ ደግሞ ርብቃ ከያዕቆብና ከዔሳው ጋር መስላው ሰገደ። ሪቺም በበኩሉ ክርስቲያን አገኘሁ ብሎ ተደስቶ ነበር። ሁለቱም እስኪግባቡ ጊዜ ወሰደ። አውሮፓ ስለ ካይፈንግ አይሁዶች የሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

ዛሬ ዘራችን ነው የሚሉ ቤተሰቦች አሉ፣ ግን በይፋ የታወቀ ሃይማኖት ስላልሆነ ነገሩን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚይዙት። መጥተህ ካሜራ ይዘህ በር እንዳታንኳኳ።

ከስልቨር ስፕሪንግ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ ልጆቼ። ለእህቴ በስልክ ሙሉውን አነበብኩላት፣ የሚሞተው ሰው ላይ ስደርስ ትንሽ ዘለልኩ። አሁን የቀረኝ ምግቡና ብርዱ ነው። ትጾማለች። ምጣድስ ትያዝ?

ከካይፈንግ፦

ምጣድ አትያዝ፣ ዶርም ውስጥ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚስብ ዕቃ ይወሰድባታል። ሽሮ፣ በርበሬና ኮረሪማ ትያዝ፣ ሌላው እዚህ ይገኛል። ለጾም አገሩ ጥሩ ነው፤ ቶፉው፣ ቅጠላ ቅጠሉ፣ ባቄላው። ብቻ አትክልት ብላ ስታዝ በአሳማ ስብ እንዳይጠብሱት ቀድማ ትናገር፣ ብዙዎቹ እሱን ሥጋ ብለው አይቆጥሩትም። የሁዊ ሙስሊሞች ምግብ ቤት ግን አሳማ ከነአካቴው አይገባም፣ እነሱም በየሰፈሩ አሉ። የሴቶች ብቻ መስጊድ ያላቸው ከተማ ነው፣ ዋንግ ቤተሰብ በሚባለው ጠባብ መንገድ ውስጥ። ያ ደለል የሚያሰጋንን ያህል ደግሞ ያበላናል፤ አፈሩ አሸዋ ስለሚበዛው የበጋው ሀብሐብና ኦቾሎኒው ልዩ ነው።

ብርዱ ደረቅ ነው፣ ጥር ላይ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ግን የሰሜን ከተማ ስለሆነ ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 15 ማሞቂያ ይለቀቃል። ወፍራሙን ጃኬት አዲስ አበባ በውድ እንዳትገዛ፣ እዚህ ይረክሳል። በፀደይ አቧራ ይነሳል፣ አስም ካለባት መድኃኒቷን ትያዝ።

ትልቁ ነገር ወረቀት ነው። በገባች በ24 ሰዓት ውስጥ የምታድርበት ፖሊስ ጋ መመዝገብ አለበት። ዶርም ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ያግዛታል፤ ውጭ ከተከራየች ግን ባለቤቱ አብሯት ካልሄደ ሥራ ፈጠረች። የመኖሪያ ፈቃዱ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ። የመጀመሪያውን ዓመት ዶርም ብትቆይ ይሻላታል፤ ቋንቋውን ስትይዝ ትወጣለች።

የምትመጣው በዜንግዡ ኤርፖርት ከሆነ ከዚያው በባቡር ነው። የምትገባበትን ቀንና የበረራ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ጣቢያ ወጥተን እንቀበላታለን።