«ናኖ» የተባለው ሬቲኖል ፊቴን ይምርልኛል?

የቀጨኔዋ መምህርት

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዕድሜዬ 47 ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሃያ ሁለቱን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ አሳልፌዋለሁ። እኅቴ ከቨርጂኒያ «ሬቲኖል 1 በመቶ» የሚል ሴረም (በጠብታ የሚቀባ ቀጭን የፊት ቅባት) ላከችልኝ። የፊት መጨማደድን ያሳሳል ስትለኝ በየማታው፣ ያውም ሰባት ሰባት ጠብታ፣ ተቀባሁት። በሳምንቱ አፌ ዙሪያ እንደ ሽንኩርት ይላጥ ጀመር። አንዷ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ምጣድ አቃጠለሽ?» ብላ ክፍሉን በሳቅ ሞላችው። ልጣጩ ለቀቀ፤ ጥቁረቱ ግን አልለቀቀም። ሁለቱም ጉንጮቼ ላይ የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያለው ጥላ ተቀምጦብኛል፤ ይኸው ሦስት ወሩ።

አሁን ደግሞ አንድ መድኃኒት ቤት «ናኖ ሬቲኖል» አሳዩኝ፤ ዋጋው እኅቴ ከከፈለችው ሦስት እጥፍ ነው። ሻጯ «ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ አያቃጥልም» አለችኝ። እኔ የማስተምረው አማርኛ ነው፤ ሳይንሱን አላውቅም። ግን ደቃቅ ከሆነ ጠልቆ ገብቶ የባሰ አያቃጥልም?

ቀማሚው

እኅቴ፣ የእርስዎ ጥያቄ ከሻጯ መልስ ይበልጣል። በመድኃኒት ቅመማ ሙያ አሥራ አራት ዓመት ስለሠራሁ ትንሽ ልዘርዝር።

ሬቲኖል ቪታሚን ኤ ነው። ቆዳ ውስጥ ገብቶ በሁለት ደረጃ ሲለወጥ ሬቲኖይክ አሲድ ይሆናል፤ ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ኮላጅን እንዲመረትና የላይኛው ቆዳ ቶሎ እንዲታደስ የሚያደርገው ይህ የመጨረሻው ነው። ራሱ ሬቲኖይክ አሲድ ትሬቲኖይን ተብሎ በ1971 (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ለብጉር ሕክምና ተፈቀደ። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲውን የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማንን ለብጉር ብለው የሚቀቡ ታካሚዎቻቸው መጨማደዱም እንደቀነሰላቸው ነገሯቸው፤ እርሳቸውም ጉዳዩን በጥናት ተከታትለው በ1986 አሳተሙት። በ1988 የሚሺጋን ሐኪሞችም ይህንኑ አሳዩ፤ ነገር ግን መድኃኒቱን ከተቀቡት አብዛኞቹ ቆዳቸው ተቆጥቶ ነበር። የእርስዎ ምጣድ እንግዲህ የቆየ ታሪክ አለው።

ቆዳን የሚያስቆጣው የሬቲኖሉ መጠን ብቻ አይደለም፤ አመጣጡም ነው። በተራው ሴረም ሁሉም በአንድ ጊዜ እንደ ክረምት ጎርፍ ይወርዳል። ናኖ ቅንጣት ማለት ከስብ ወይም ከሊሲቲን (በእንቁላል አስኳል ውስጥም ካለ ስብ መሰል ነገር) የተሠራ ደቃቅ ከረጢት ነው፤ ሬቲኖሉን በውስጡ ይዞ ቀስ በቀስ ያንጠባጥበዋል። መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 300 ናኖሜትር ነው፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ናኖሜትር መሆኑን ያስቡ። ከረጢቱ ራሱ ግን ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ በአብዛኛው በላይኛው የሞተ ቆዳና በፀጉር ቀዳዳዎች ውስጥ ተቀምጦ ከዚያ ያቀብላል። ደቃቅነቱ የሚጠቅመው እኩል ለመነጠፍ ነው። ስቡ ደግሞ ስስ ሽፋን ሆኖ የቆዳውን እርጥበት ይይዛል፣ ሬቲኖሉንም ከብርሃንና ከአየር ይጋርዳል።

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። ትሬቲኖይንን በስፖንጅ መሰል ጥቃቅን ኳሶች የያዘ ጄል በ1997 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፤ እነዚያ ግን ከናኖ በጣም ይተልቃሉ። ከጠጣር ስብ የሚሠሩትን ናኖ ቅንጣቶች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካዳበሩት መካከል የበርሊኑ የመድኃኒት ቅመማ ተመራማሪ ራይነር ሙለር ይገኙበታል።

ስለዚህ ዘዴው እውነት ነው። ጠርሙሱ እውነት ለመሆኑ ግን አልምልም። በአውሮፓ ሕግ በይዘት ዝርዝር ውስጥ «ናኖ» ተብሎ እንዲጻፍ የሚገደደው በፀሐይ መከላከያ ቅባት ውስጥ እንደሚገባው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ላለ የማይሟሟ ነገር ነው፤ በቆዳ ላይ የሚፈርስ የስብ ከረጢትን አይመለከትም። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው «ናኖ» የሻጭ ቃል ነው። አንድ ሌላ ብልሃትም አለ፦ «የታሸገ ሬቲኖል 1 በመቶ» (በከረጢት የተያዘ ማለት ነው) ሲባል አንዳንዴ አንድ በመቶው ከነከረጢቱ ነው፤ ንጹሑ ሬቲኖል ከዚያ በጣም ያንሳል። አላቃጠለኝም የሚሉ ሰዎች አንዳንዶቹ የተቀቡት እምብዛም ሬቲኖል የሌለው ቅባት ሊሆን ይችላል።

እናት ከሽቱትጋርት

ልጄ፣ ሰባት ጠብታ? ለፊት ሁሉ የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች! እዚህ አውሮፓ ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ አዲስ የሚወጣ የፊት ቅባት ከ0.3 በመቶ በላይ ሬቲኖል እንዳይኖረው ተደንግጓል፤ ያንቺ 1 በመቶ ነው። እኔም ውዱን የሊፖዞም፣ ማለትም ቀማሚው ያለውን ዓይነት ከረጢት ያለበትን፣ ቅባት ገዝቼ አውቃለሁ፤ በእርግጥ ለስለስ ያለ ነበር። ሲያልቅብኝ ተራውን ገዛሁና መጀመሪያ ማለስለሻ ክሬም፣ ከዚያ ሬቲኖሉን፣ በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ አደረግሁት። አንድም ቀን አልተላጥሁም።

ጉራማይሌ

አያቶቻችን በቅቤ አምረው ኖረዋል። ቅቤም ቪታሚን ኤ አለው። ሦስት እጥፍ ለምን?

ቀማሚው

አለው፤ ግን በ100 ግራም ቅቤ ውስጥ ያለው ሬቲኖል አንድ ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። 0.3 በመቶ በሆነ ክሬም 100 ግራም ውስጥ 300 ሚሊ ግራም አለ። አያትዎ ያማሩት በሌላ ምክንያት ነው።

ለመምህርታችን፦ የእኛ ቆዳ ሲቆጣ ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ ለስላሳነት ለእኛ ቅንጦት የማይሆነውም ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ያንን ጥላ ታጠቁረዋለች። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ፊትዎን ወደ ምሥራቅ አድርገው የሚቆሙ ከሆነ ከናኖው በፊት የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይግዙ። ሬቲኖሉን ቆዳዎ እስኪረጋ ያቁሙት፤ ጥላው ካልሳሳ የቆዳ ሐኪም ይየው። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ወይም ለመፀነስ ያሰባችሁ ደግሞ ናኖም ሆነ ተራ፣ ሬቲኖል አትንኩ።

የቀጨኔዋ መምህርት

ፊቴን ወደ ምሥራቅ አድርጌ እንደምቆም በምን አወቁ? የሰንደቁ ምሰሶ እዚያው ነው።

ሴረሙን አሁን አውጥቼ አየሁት። ጠርሙሱ ነጭ ብርጭቆ ነው፤ መስኮት ላይ፣ ከባዝሊኔ አጠገብ ነበር የማስቀምጠው። ሲመጣ ነጣ ያለ ቢጫ ነበር፤ አሁን ሻይ መስሏል።

ቀማሚው

ይጣሉት፤ ብርሃንና አየር አበላሽተውታል። ለእኅትዎም ቀጣዩ በቆርቆሮ ቱቦ እንዲሆን ይንገሯት።