የኤንኤችኤል ድራፍት፦ ወጣቶቹን በምን እንመዝናቸው?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ይጀምር የነበረው የኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ) ጨዋታ ለምን ወደ 9 ሄደ? ደግሞስ በ2025 ከታች 10ኛ የነበረው የኒውዮርክ አይላንደርስ በድራፍቱ (ቡድኖች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት) እንዴት አንደኛውን ምርጫ ወሰደ? ለቀጣዩ ድራፍት የወጣቶቹን ጎልና አሲስት (ለጎል ያቀበሉትን) ደምሬ ደረጃ ላወጣ ነው፤ ያስኬዳል?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
አብሽር ወንድሜ፣ አሜሪካና ካናዳ በጥቅምት ማብቂያ ሰዓታቸውን ወደኋላ ይመልሳሉ፤ የኛ አይነካም። መጋቢት ሲገባ ወደ 8 ይመለስልሃል።
የፊተኛው ምርጫ ተራ የሚለየው በዕጣ ነው። ከ14 ኳሶች 4 ይወጣሉ። የመጨረሻው ቡድን አንደኛ የመሆን ዕድሉ 25.5 በመቶ ብቻ ነው፤ ከ3ኛ በታች ግን አይወርድም። ዕጣ የወጣለት ቢበዛ 10 ደረጃ ይዘላል፤ አይላንደርስ የዘለለው 9 ነው።

ሐይቅ ዳር፦
ድምሩ ብቻውን ያሳስትሃል። መጀመሪያ የልደት ቀን እይ። እስከ መስከረም 15 (በፈረንጅ) 18 የሚሞላው ይገባል፤ መስከረም 16 ቀን 18 የሚሞላው ለከርሞ ይቆያል። አይላንደርስ የወሰደው ማቲው ሼፈር መስከረም 5 ቀን 2007 ነው የተወለደው፤ በጉዳትና በሕመም 17 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ አንደኛ ተመረጠ። የተመረጠው በበረዶ ሸርተቴውና ፓክ (የሚመታውን ጠፍጣፋ ጎማ) ከራሱ ሜዳ ይዞ በመውጣቱ ነው።
ቀጥሎ ሊጉን ለይ። በስዊድን ከአዋቂዎች ጋር በጨዋታ 10 ደቂቃ የሚሰለፍ ልጅ ነጥቡ (የጎልና አሲስት ድምሩ) ቢያንስ አይግረምህ። ተጋጣሚ ሰው ሲጎድልበት የተገኘውን ነጥብም ለብቻ ጻፈው፤ ሁለቱም ቡድኖች በ5 ተጫዋች እኩል ሆነው ሲጫወቱ የሚያገባው ነው የሚያስተማምነው። በረኞችን አትቸኩልባቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚበስሉት።