ጅሬን፦ ከመንግሥት መናገሻነት ወደ ጎብኚዎች መዳረሻነት

ጥያቄ፦ እንግዶቼን ከጅማ በላይ ወዳለው የጅሬን ኮረብታ ልወስዳቸው አስቤአለሁ። የመንግሥቱ መቀመጫ ከኮረብታው ወደ ሜዳው የወረደው እንዴት ነው?

መልስ፦ የጅማ ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ሲገዙ ቤተ መንግሥቱ ጅሬን፣ ታላቁ ገበያ ደግሞ ከሥሩ ሂርማታ ነበር። ለአፄ ምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ማስጠበቃቸው፣ በእኔ እምነት፣ እጅግ የሚደነቅ ብልሃት ነው። በ1932 ራስ ገዝነቱ አበቃ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመንም ሜዳው ላይ ዘመናዊው ከተማ ተስፋፋ።

ሌላ መልስ፦ በዚህ ላይ የንጉሡ መገልገያዎች ያሉበትን የጅማ ሙዚየምንም ያሳዩአቸው። የቤተ መንግሥቱ ሰገነት ግን የዘመናት ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበት እንጨት ስለሆነ፣ እባክዎ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዳይወጡበት።